ስለ ሻጋታና ስለ ወጥ ቤት ዕቃ አያያዝ

ክረምት በገባ ቁጥር በመገናኛና በዙሪያው ቤት ተከራይተን የምንማር ተማሪዎች ሁሉ የምናውቀው አንድ ጠረን አለ። ተዘግቶ የዋለ ክፍል ሲከፈት፣ የመሶብ ክዳን ሲነሣ፣ ከአልጋ ሥር የከረመ ድስት ሲወጣ የሚሸተው ነው። ብዙዎቻችን ዕቃውን በሳሙና ለቅለቅ አድርገን እንተወዋለን፤ ሽታው ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ይመለሳል። ስለምን ይመለሳል? እንዴትስ ይጠፋል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

ሻጋታ ተራ ቆሻሻ አይደለም፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ዘሩ ከዓይን የረቀቀ ሆኖ በአየር ይንሳፈፋል፤ እርጥበትና ምግብ ካገኘ፣ አየሩም የታፈነ ከሆነ ይበቅላል። በእንጀራ ላይ ከሚገኙት ወገኖች መካከል ፔኒሲሊየም፣ አስፐርጂለስና ራይዞፐስ ይገኙባቸዋል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ፔኒሲሊንን ያገኘው ከፔኒሲሊየም ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «ሻጋታ መድኃኒት ነው» ማለት አደገኛ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ በልተው አለቁ፤ መርዙም በኋላ አፍላቶክሲን ተባለ። ሁሉም ሻጋታ ይህን መርዝ አያወጣም፤ ነገር ግን በዓይን መለየት አይቻልም፤ በተራ ማብሰልም አይጠፋም። ስለዚህ የሻገተውን ጠርዝ ቆርጦ የቀረውን እንጀራ ፍርፍር መሥራት አይገባም።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንመለስ። አጠባቡ እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል።

1ኛ፤ ብረት ድስት፣ ብርጭቆና ሰሐን። እነዚህ እርጥበት አይመጡም። በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጥቦ፣ የፈላ ውሃ አፍስሶባቸው ማድረቅ ይበቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ሻጋታ ለመግደል በቂ ነው።

2ኛ፤ ፕላስቲክ። ካጠቡት በኋላ በ4 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጦ ለጥቂት ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው። በረኪና የአሉሚኒየም ድስትን ያበላሻል። ከአቼቶ ጋር ከተደባለቀ ደግሞ መርዛም ጋዝ ያወጣልና ሁለቱን ከቶ አንድ ላይ አናድርግ።

3ኛ፤ መክተፊያና ማማሰያ። በደረቅ ጨው ፈትጎ፣ በሙቅ ውሃ አጥቦ በፀሐይ ማድረቅ ይገባል። ተሰንጥቆ ውስጡ ድረስ የጠቆረ እንጨት ግን አይድንም፤ ይጣል።

4ኛ፤ ጀበና፣ የሸክላ ድስትና እንስራ። ሸክላ የነካውን ሁሉ ስለሚመጥ ሳሙናና በረኪና አይስማማውም። እናቶቻችን የጠላ ዕቃ የሚያጥቡት በግራዋ ቅጠል ፈትገው ነው፤ ከዚያም በወይራ ጭስ ያጥኑታል። ሙቀቱ ዕቃውን ያደርቀዋል፤ በጭሱ ውስጥ ያሉት ነገሮች ደግሞ የሻጋታውን ዕድገት ይገታሉ። ጀበና ቡናው እንዳለቀ አተላው ተደፍቶ፣ ታጥቦ፣ ውታፉ ሳይደረግበት ተዘቅዝቆ ይደር።

5ኛ፤ መሶብ። በውሃ አይነከርም። በደረቅ ብሩሽ ጠርጎ፣ አቼቶ በነካው የተጨመቀ ጨርቅ ወልውሎ፣ ነፋስና ፀሐይ ማስመታት ነው። የአለላው ቀለም እንዳይለቅ ፀሐዩን አናብዛበት። ሻጋታው ስፌቱ ውስጥ ከገባ ግን ያ መሶብ ከእንግዲህ ምግብ አይያዝበት።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለን። ማጠን ደጅ የሚሠራ ሥራ ነው። ዝናብ ነው ብሎ በጠባብ ክፍል ውስጥ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውምና አስቀድሞ አያስታውቅም። አከራያችንን «እትዬ፣ ግቢው ውስጥ ትንሽ ላጢስ» ብሎ ማስፈቀድ ቀላል ነው።

ዕጣንና ሽቶ ጠረኑን ይሸፍኑታል እንጂ አያጠፉትም። ዕቃው መጽዳቱን ለማወቅ ከደረቀ በኋላ አንድ ሌሊት ከድኖ ማሳደርና ጠዋት ማሽተት ነው፤ ሽታው ካለ ሻጋታው አልሞተም ወይም ዕቃው አልደረቀም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። እንጀራ ትኩሱን መሶብ ውስጥ አይገባም፤ በሰፌድ ላይ ይብረድ። እርጥብ ዕቃ አይደራረብ። ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢሆን፣ መስኮቱ ይከፈት፤ ዕቃውም ደጅ ይውጣ።

«የወጥ ቤት ነገር የሴት ሥራ ነው» የሚል ወንድም ቢኖር፣ የሆድ ሕመም ወንድና ሴት አይለይም ብንለው ይበቃል። ግራዋና ወይራ ለምን እንደሚሠሩ በመማሪያ መጽሐፋችን አላገኘነውም፤ እናቶቻችን ግን ሥራቸውን ያውቁታል። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ የትኛው ቅጠል ለየትኛው ዕቃ እንደሆነ ጠይቀን እንጻፍ፤ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችንም ይመርምሩት። ሳይጻፍ የቀረ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።