የሐረር ሐዋርያዊ ቪካሪያት ታሪክ ለጥቂቶች የሚሰጠው ትምህርት



እንደ ሽንሌ፣ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነባቸው ከተሞች፣ ከእኛ አንዳንዱ «በቁጥር እንዲህ ካነስን ቤተ ክርስቲያን ልንባል እንችላለንን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱን በሐረር ሐዋርያዊ ቪካሪያት ታሪክ ውስጥ እናገኘዋለን። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንገልጻለን።

በ1846 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ ቪካሪያት አቋቁመው፣ ካፑቺናዊውን ጉልዬልሞ ማሳያን፣ ማለት አቡነ ማስያስን ሾሙ። እኚህ አባት ከብዙ ዓመታት ድካም በኋላ በ1879፣ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን፣ ከሀገር እንዲወጡ ተደረገ። ሥራው ግን አልቆመም። ተተኪያቸው አቡነ ቶረን ካሃኝ በ1881 ሐረር ገቡ። ከተማዪቱ በዚያን ጊዜ በግብፆች እጅ የነበረች፣ ሕዝቧም ሙስሊም የሆነች ነበረች። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያናችን ሥር በዚህ ምሥራቅ ምድር የተተከለው በስደት ማግስት ነው።

በ1900 አባ እንድርያስ ዣሮሶ ኃላፊነቱን ተረከቡ። በ1901 በሐረር ካፑቺናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ከፈቱ። ሰው የሸሻቸውን የተቀበሉት ሃይማኖታቸውን ጠይቀው አልነበረም። የአባ እንድርያስ ደቀ መዝሙር የነበሩት አባ ሳሙኤልም ኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉትን ልጅ ተፈሪን አስተማሩ። በ1902 ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሽንሌን አልፎ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ቀድሞ በግመልና በበቅሎ ይደረግ የነበረው የሚስዮናውያን ጉዞም ቀለለ።

በ1937 ቪካሪያቱ የሐረር ስም ተሰጠው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ፈረንሳውያን ሚስዮናውያን ከሀገር ወጡ፤ አባ እንድርያስም በ1941 በቱሉዝ ዐረፉ። የተከሉት እምነት ግን አብሯቸው አልሄደም።

ከዚህ ምን እንማራለን? እነዚህ አባቶች ብዙ ሕዝብ እስኪሰበሰብ አልጠበቁም። ሕሙማንን እያስታመሙ፣ ሕፃናትን እያስተማሩ፣ ከጎረቤት ጋር በሰላም እየኖሩ መሠከሩ። የሰናፍጭ ቅንጣት ምሳሌም ይህንኑ ያስረዳናል። ሦስት ቤተ ሰብ በአንድነት ሲጸልይና የታመመ ጎረቤቱን ሲጠይቅ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ሕያዊት ናት።

ለውይይት፦
1. በሰፈራችን ሰው የሸሸው ማን ነው? እኛስ ምን አደረግንለት?
2. ካህን በማይገኝበት እሑድ ጸሎታችንን እንዴት እናካሂዳለን?