ሥራና የልጆች እንክብካቤ በወረርሽኙ ወቅት

ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በመዘጋታቸው ልጆች በቤት ይውሉ ነበር፤ ብዙ ወላጆች ግን ከሥራ አልቀሩም። ልጆችን ወደ አያቶች መላክ የተለመደ መፍትሔ ቢሆንም፣ በሽታው በአረጋውያን ላይ ስለሚጸና ከፍተኛ ጥንቃቄ ይሻል። በተቻለ መጠን ባልና ሚስት የሥራ ሰዓታቸውን በማፈራረቅ ልጆቹን በየተራ ይጠብቁ፤ የቤቱም ሥራ በእናት ወይም በታላቅ ሴት ልጅ ላይ ብቻ አይውደቅ።

ከሥራ ሲመለሱ ልጅዎን ከማቀፍዎ በፊት እጅዎን በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠቡ። ምክንያቱን አስቀድመው ካስረዱት፣ ልጁ የተገፋ አይመስለውም። ከዚያም ስልክዎን አስቀምጠው ጥቂት ጊዜ ለእርሱ ብቻ ይስጡ። በወቅቱ ትኩሳት ወይም ሳል የታየበት ሰው ከቤት ሳይወጣ በ8335 ወይም በ952 እንዲደውል ይመከር ነበር።