የጀርባ ሞተር መርጫ አልነሳ ሲል፦ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚደረግ ፍተሻ

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የተግባር ሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ

ቢጫ ዋግ በስንዴ ማሳ ላይ ከታየ ጊዜ አይሰጥም። ቅዝቃዜና እርጥበት ሲያገኝ ከአንድ ጥግ ተነስቶ ማሳውን ያዳርሳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በአገራችን ስንዴ አብቃይ አካባቢዎች ተከስቶ እንደ ኩብሳ ያሉ ዝርያዎችን ክፉኛ የጎዳውን ወረርሽኝ ምናልባት ያስታውሱታል። እንግዲህ ኬሚካሉ ተገዝቶ፣ ውኃው ተቀድቶ፣ ሰው ተሰብስቦ ሞተሩ አልነሳም ካለ የሚባክነው ነዳጅና ጉልበት ብቻ አይደለም። የመርጨት ቀን ያልፋል።

በምከታተላቸው ቀበሌዎች በአንዱ፣ በጥቅምት ወር፣ አምስት ቤተሰብ በጋራ የሚጠቀምበት የሞተር መርጫ ገመዱ ከጠዋት እስከ ቀትር ሲጎተት ውሎ አልነሳም። አንድ ወጣት «ችግሩ ካርቡሬተሩ ነው» ብሎ እዚያው ማሳው ዳር ፈታው። ከውስጡ የወጣች ትንሽ ሞላ ሣር ውስጥ ጠፋች። እኔ ደርሼ ካንዴላውን ፈትቼ ባየው ጥቀርሻ ለብሶ ጠቁሯል፤ ነዳጁም ካለፈው ዓመት የተረፈ ነበር። ነዳጁን ቀይሮ ካንዴላውን ማጽዳት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ሞላዋ ግን ከከተማ እስክትመጣ አራት ቀን ፈጀች። በእነዚያ ቀናት በእጅ መርጫ የተደረሰለት ማሳ ተረፈ፤ ያልተደረሰለት ቅጠሉ ቢጫ ዱቄት ለበሰ።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ ሞተር አልነሳም ሲል በግምት አይፍቱ፤ ከቀላሉ ጀምረው በቅደም ተከተል ይፈትሹ።

1. ሞተሩ የሚፈልጋቸው ሦስት ነገሮች

የጀርባ ሞተር መርጫዎች በአብዛኛው ባለ ሁለት ምት ሞተር አላቸው። ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ አንዴ ሲወርድ ሥራው ይሟላል። የውኃ መሳቢያ ሞተሮቻችን ብዙዎቹ ባለ አራት ምት ናቸው፤ ዘይታቸው ለብቻው በቋት ይቀመጣል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን የዘይት ቋት የለውም። ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባው ዘይት ብቻ ነው።

ማንኛውም የቤንዚን ሞተር እንዲነሳ የሚከተሉት መሟላት አለባቸው፦

ሀ. በልኩ የተመጠነ ነዳጅና አየር
ለ. በወቅቱ የሚሰጥ የካንዴላ ብልጭታ
ሐ. በቂ እመቃ፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩንና ነዳጁን አጥብቆ መጭመቁ

ምድጃን ያስቡ። ማገዶ፣ አየርና ክብሪት ካልተሟሉ እሳት አይያዝም። የእርስዎ ሥራ ከሦስቱ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው።

2. ከፍተሻ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

• በጋኑ ውስጥ ኬሚካል ካለ አስቀድመው ወደ ተፈቀደ ዕቃ ይገልብጡ፤ መሣሪያውን ይጠቡ። እጣቢውን ወደ ወንዝ፣ ምንጭ ወይም ጉድጓድ አይድፉ።
• ጓንት ያድርጉ። ሲጋራም ሆነ ሌላ እሳት በአቅራቢያው አይኑር።
• ሞተሩ የጋለ ከሆነ እስኪበርድ ይጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን አይቅዱ።
• ቤንዚንን በቱቦ በአፍ አይሳቡ፤ የተዘጋ የካርቡሬተር ቀዳዳንም በአፍ አይንፉ። ቤንዚን ወደ ሳንባ ከገባ ሕይወት ያሳጣል፤ መሣሪያውም ኬሚካል የነካው ነው።

3. የፍተሻው ቅደም ተከተል

ደረጃ 1፦ መፍቻ የማያስፈልገው ፍተሻ

የማጥፊያው ቁልፍ በርቷል? የነዳጅ ቧንቧው ተከፍቷል? ነዳጅ አለ? የካንዴላው ኮፍያ በደንብ ተጭኗል? ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ቾክ የሚባለው የአየር መዝጊያ ተዘግቷል? ሞተሩ የሞቀ ከሆነስ ተከፍቷል?

ይህን ደረጃ አይናቁት። እኔ ራሴ በሠልጣኞች ፊት ገመዱን ደጋግሜ ከጎተትኩ በኋላ አንዲት እናት «ልጄ፣ ቁልፉ ጠፍቶ የለም ወይ?» ብለውኝ አፍሬአለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ መጀመሪያ የማየው ቁልፉን ነው።

ደረጃ 2፦ ገመዱን በእጅ ማዳመጥ

ገመዱን በቀስታ ይጎትቱ። ጤነኛ ሞተር መሀል ላይ ይከብዳል፤ ያ እመቃው ነው። ምንም ሳይከብድ የሚሳብ ከሆነ በመጀመሪያ ካንዴላው መጥበቁን ይመልከቱ። ጠብቆም ካልከበደ የፒስተኑ ፋሻ ሳያልቅ አይቀርም፤ ለባለሙያ ይስጡት። ገመዱ ጭራሽ አልሳብ ካለ አያስገድዱ። ፒስተኑ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 3፦ ካንዴላውን ፈትቶ ማንበብ

ከአምስት ወይም ከስድስት ጊዜ በላይ ጎትተው ካልነሳ መጎተቱን ያቁሙና በካንዴላ መፍቻ ካንዴላውን ይፍቱ። ካንዴላው ሞተሩ ውስጥ ያለውን ይነግርዎታል።

• ደረቅ ከሆነ፦ ነዳጅ አልደረሰም። ወደ ደረጃ 4 ይሂዱ።
• በቤንዚን ከራሰ፦ ነዳጅ በዝቶበታል፤ ወይም ብልጭታ የለም። ቁልፉን ያጥፉ፤ የነዳጅ ቧንቧውን ይዝጉ፤ ቾኩን ይክፈቱ፤ የነዳጅ መስጫ እጀታውን እስከ መጨረሻ ይክፈቱ። ካንዴላው እንደወጣ ገመዱን ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ይጎትቱ፤ የተጠራቀመው ነዳጅ ይወጣል። ካንዴላውን አድርቀው ይመልሱና ያለ ቾክ ይሞክሩ።
• ጥቁር ጥቀርሻ ወይም ዘይት ከለበሰ፦ ዘይት በዝቷል ወይም የአየር ማጣሪያው ተዘግቷል። በሽቦ ብሩሽ ያጽዱት። የጫፉን ክፍተት የመሣሪያው መመሪያ በሚያዘው መጠን ያስተካክሉ፤ በብዙ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ጫፉ የተበላ ወይም ነጩ ሸክላ የተሰነጠቀ ከሆነ ይቀይሩት።

ብልጭታውን ለማየት የፈሰሰውን ቤንዚን ይጥረጉ፤ ነዳጅ የያዘውን ዕቃ ያርቁ፤ የካንዴላውን ቀዳዳ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ይሸፍኑ። ካንዴላውን ኮፍያው ውስጥ ከተው፣ ብረቱን ከቀዳዳው ርቆ ካለ የሞተሩ ብረት ጋር ያስነኩ። የሚይዙት በላስቲክ ኮፍያው በኩል ይሁን፤ ብረቱን በእጅ አይንኩ። ቁልፉን አብርተው ገመዱን ይጎትቱ። ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ካዩ የመብራት ክፍሉ ደህና ነው። ካላዩ በአዲስ ካንዴላ ይሞክሩ። አሁንም ከሌለ ከማጥፊያው ቁልፍ የሚመጣው ሽቦ ተልጦ ብረት እንዳይነካ ይመልከቱ፤ ከዚያ በላይ የባለሙያ ሥራ ነው።

ደረጃ 4፦ የነዳጅና የአየር መንገድ

ነዳጁን ወደ ንጹሕ ግልጽ ዕቃ ቀድተው ጥቂት ያቆዩት። ውኃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል። ወራት የቆየ ቤንዚን ቀላሉ ክፍሉ ተንኖ፣ የቀረው እንደ ሙጫ የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ በሌላ ይቀይሩት። ቀጥሎ በነዳጅ ጋኑ ውስጥ ያለውን ማጣሪያ ይጠቡ። የስፖንጅ አየር ማጣሪያውን በሳሙና ውኃ አጥበው፣ ጨምቀው፣ በደንብ አድርቀው ይመልሱ።

ሞተሩ ተነስቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ የነዳጅ ጋኑን ክዳን ላላ አድርገው ይሞክሩ። ከተነሳ በክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ ተዘግታለችና ያጽዷት፤ ክዳኑን ሳያጠብቁ ግን ወደ ሥራ አይግቡ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ካልተነሳ ያን ጊዜ የሚቀረው ካርቡሬተሩ ወይም በጥቀርሻ የታፈነ ማርሚታ ነው። ማሳ ዳር አይፍቱት። ወደ ጥገና ባለሙያ ይውሰዱት፤ በዚያ ቀን ደግሞ በእጅ መርጫ በሽታው ከታየበት ጥግ ይጀምሩ።

በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ነገር ብቻ ያስተካክሉና ይሞክሩ። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ከነካኩ የተበላሸው የትኛው እንደነበር አያውቁም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ከዜሮ ይጀምራሉ።

4. የዘይትና የቤንዚን ቅልቅል

የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ይጠቀሙ። መጠኑ በመሣሪያው መመሪያ ወይም በጋኑ ክዳን ላይ ይጻፋል። 

• 1 ለ25 ከሆነ፦ ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት፤ ለ5 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር
• 1 ለ50 ከሆነ፦ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት፤ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር

ዘይቱን በዓይን ግምት አይጨምሩ። ከፋርማሲ በሚገዛ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መለካት ይቻላል፤ ሲሪንጁ ለዚህ ሥራ ብቻ ይቀመጥ። ቅልቅሉን በሌላ ዕቃ አዘጋጅተው፣ አናውጠው ወደ ጋኑ ይቅዱ። በሃይላንድ አያስቀምጡ፤ ሕፃን ውኃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። ዘይት ሲበዛ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ይህ ይጸዳል። ዘይት የሌለው ቤንዚን ግን በአጭር ጊዜ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን አፋጭቶ ያጣብቃል። ያ ሞተር በካንዴላ አይድንም።

5. የወቅቱ ሥራ ሲያበቃ

በጥቅምት የሚያስቸግረን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ሲቀመጥ ነው። የመጨረሻው ርጭት እንዳለቀ የኬሚካል ጋኑን ይጠቡ። ነዳጁን ይገልብጡ። ሞተሩን አስነስተው በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅና ራሱ እስኪጠፋ ይተዉት። ማጣሪያዎቹን አጽድተው፣ ከአቧራ፣ ከአይጥና ከሕፃናት ርቆ በደረቅ ቦታ ያስቀምጡ። በነሐሴ፣ ዋግ ሳይታይ፣ በውኃ ብቻ ሞልተው ይሞክሩት። ለቡድኑ አንድ ትርፍ ካንዴላና የካንዴላ መፍቻ ከመሣሪያው ጋር ይቀመጥ።

የተግባር ልምምድና ውይይት

ሀ. አሠልጣኙ ሞተሩ እንዳይነሳ አንድ ነገር ያደርጋል። በቡድን ሆነው ካርቡሬተሩን ሳይነኩ ያግኙት፤ በየደረጃው ያዩትን ጮክ ብለው ይናገሩ።
ለ. 3 ሊትር ቤንዚን በ1 ለ25 ለመቀላቀል ስንት ሚሊ ሊትር ዘይት ያስፈልጋል? (መልስ፦ 120)
ሐ. በቡድንዎ ውስጥ መሣሪያውን የሚያስቀምጠው ማነው? ነዳጁን መገልበጡን የሚያረጋግጠውስ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ዛሬ ወደ ቤት ሳይመለሱ ይወስኑበት። የጋራ መሣሪያ «እገሌ ያየዋል» እየተባለ ማንም ሳያየው ይከርማል። እርስዎ ያወቁትን ለተከታይ አርሶ አደሮችዎ ሞተሩን ፊታቸው አስቀምጠው ያሳዩ፤ ገመዱንም እነሱ ይጎትቱ።