የሸፈቱ አሳማዎች፦ አጠማመዳቸውና ከተያዙ በኋላ የሚደርስባቸው

በገጠር ያደግን ሁሉ የከርከሮንና የዱር አሳማን ነገር እናውቃለን። በቆሎው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥተን በጩኸትና በወንጭፍ ሌሊቱን ያነጋን ጥቂት አይደለንም። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው በአሜሪካ፣ በተለይም በቴክሳስ ግዛት፣ ገበሬውን ያስመረረውን የእነርሱን ዘመድ ነው። ዘመድ እንበለው እንጂ ልዩነት አለው። ከርከሮ ከጥንት ጀምሮ የአፍሪካ የዱር እንስሳ ሲሆን የአሜሪካው አሳማ ግን ከሰው በረት ወጥቶ ጫካ የገባ የቤት እንስሳ ነው። የሸፈተ አሳማ ብንለው ስሙ ይስማማዋል።

አሜሪካ በተፈጥሮዋ እንዲህ ያለ አሳማ አልነበራትም። ኤርናንዶ ዴ ሶቶ የተባለው የስፔን አሳሽ እ.ኤ.አ. በ1539 ፍሎሪዳ ሲደርስ ለስንቅ የሚሆኑ አሳማዎች ይዞ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ሰፋሪዎች አሳማዎቻቸውን በየጫካው ለቀው ያረቡ ስለነበር ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። በ1912 ደግሞ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ለአደን ተብሎ የአውሮፓ የዱር አሳማ መጣ፤ ቆይቶም ከአጥሩ አመለጠና ከሸፈቱት ጋር ተዳቀለ። በኋለኞቹ ዓመታት ለመስፋፋቱ አንዱ ትልቅ ምክንያት የአሳማው እግር ሳይሆን የሰው መኪና ነው። አደን የሚወዱ ሰዎች በሕይወት እየጫኑ ወደ አዲስ ጫካ ይለቁታል። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር እንደሚገምተው ዛሬ ቁጥራቸው ከ6 ሚሊዮን በላይ ሲሆን ቢያንስ በ35 ግዛቶች ይገኛሉ።

ጥፋታቸው ብዙ ነው። በአፍንጫቸው መሬቱን እንደ ማረሻ ይገለብጣሉ፤ ማታ የተዘራውን በቆሎ በመስመሩ እየተከተሉ እስኪነጋ ይለቅሙታል፤ ገና የተወለደ የበግና የፍየል ግልገል ይበላሉ፤ ኩሬ ውስጥ እየተንከባለሉ ውኃውን ያበላሻሉ። በ2006 በካሊፎርኒያ ጎመን መሰል ቅጠል የሆነው ስፒናች ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎችን አሳምሞ 3 ሲገድል፣ በሽታውን ያመጣው ተሕዋስ በአካባቢው በነበሩ ከብቶችና የሸፈቱ አሳማዎች ላይ ተገኝቷል።

ታዲያ በጥይት አይጨርሷቸውም ወይ? የትምህርታችን ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። እንስት አሳማ ዓመት ሳይሞላት ለመውለድ ትደርሳለች። የምታረግዘው ለ115 ቀን ያህል፣ ማለትም 3 ወር ከ3 ሳምንት ከ3 ቀን ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ትወልዳለች፤ ምግብ ከተመቻት በዓመት ሁለት ጊዜ መውለድ ትችላለች። በቴክሳስ የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው ቁጥራቸው ባለበት እንዲቆም ብቻ በየዓመቱ ከሦስቱ ሁለቱ መወገድ አለባቸው። እንዲቀንስ ከተፈለገ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው።

በሌላ በኩል አሳማ ብልህ ነው። እንስቶቹና ልጆቻቸው በአንድ መንጋ ይኖራሉ፤ የጎለመሰ ወንድ ግን ብቻውን ይዞራል። ከመንጋው አንዱ በጥይት ሲመታ የቀሩት ይበተናሉ፣ የሰው ሽታና የመኪና ድምፅ መፍራት ይማራሉ፣ ሌላ ቦታ ሄደው ይራባሉ። የሚዙሪ ግዛት በ2016 በጥበቃ መሬቶቹ ላይ አሳማ ማደንን መከልከሉ ከዚህ የተነሣ ነው። እየጨረሰን ያለውን እንስሳ እንዳትገድሉ ማለት ለሰሚው እንቆቅልሽ ይመስላል፤ እኛም መጀመሪያ ስናነበው ግር ብሎን ነበር። ነገሩ ግን አዳኙ ሁለት ገድሎ ሃያ ስለሚበትን፣ መንጋውን በሙሉ ሊይዝ የተዘጋጀውን አጥማጅ ሥራ ያበላሽበታል ነው።

ወጥመዱ እንደ በረት ያለ ሰፊ አጥር ነው። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ካለው ጠንካራ የብረት ሽቦ ይሠራል፤ የሽቦው ቀዳዳ ግልገሏ እንዳታመልጥ ጠባብ መሆን አለበት። ቅርጹ ክብ ነው። ማዕዘን ካለው አሳማዎቹ ሲደነግጡ እዚያ ተደራርበው አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ እየወጣ ያመልጣል። ከላይ ክፍት ስለሆነ አጋዘን ቢገባበት ዘሎ ይወጣል።

ማባበያው በቆሎ ነው፤ ብዙዎች ውኃ ውስጥ አቆይተው እንደ ጠላ ድፍድፍ እስኪሸት ያኮመጥጡታል። ሽታው ከሩቅ ይጠራል፤ ሌሎች እንስሳትም ብዙ አይወዱትም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቆሎው ከአጥሩ ውጪ፣ ቀጥሎ በሩ ላይ፣ ከዚያም ውስጥ ይበተናል። በሩ ግን አይዘጋም። ደፋሮቹ ቶሎ ይገባሉ፤ አሮጊቷ እናት ውጪ ቆማ ታያለች። እርሷም እስክትገባ አንድ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። አጥማጁ ዱካ እየቆጠረ ወይም ዛፍ ላይ በታሰረ ካሜራ እያየ ስንት እንደሚመጡና ስንት እንደሚገቡ ይመዘግባል። ሁሉም በገቡ ሌሊት በሩ ይወርዳል። ዛሬ ይህን ከቤቱ ሆኖ በስልክ የሚያደርግ ሞልቷል፤ ቀድሞ ግን በአጥሩ መጨረሻ የተዘረጋ ገመድ አሳማው ሲነካው በሩን ይለቀው ነበር፤ አሁንም የሚጠቀሙበት አሉ። ችኩል አጥማጅ ግማሾቹ እንደገቡ ይዘጋል። ውጪ የቀሩት ያንን በር ሁለተኛ አይረግጡትም።

ከተያዙስ በኋላ? አብዛኞቹ እዚያው ወጥመዱ ውስጥ በጥይት ይገደላሉ። ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ፣ ሳያንገላቱ መጨረስ ይገባል፤ ምክንያቱም የደነገጠ አሳማ ሽቦው ላይ እየተላተመ ራሱን ይሰብራል። በቴክሳስ በሕይወት ወደተፈቀደ ማቆያ ተወስደው የሚሸጡም አሉ። እነዚህ መንግሥት በሚቆጣጠረው ቄራ ከመታረዳቸው በፊትና በኋላ ይመረመራሉ፤ ሥጋቸው ለምግብ ቤቶች፣ አልፎም ወደ አውሮፓ ይሸጣል። አዳኝ በጥይት የገደለውን ለቤቱ ሊያበስል ይችላል እንጂ መሸጥ አይፈቀድለትም፤ በሕይወት እያለ ያልተመረመረ ነውና። ወስዶ ሌላ ጫካ መልቀቅም ክልክል ነው። በእኛ ዘንድ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለማይበላው የተገደለ ከርከሮ ለጅብ ይቀራል። በመብላቱ ክርክር ውስጥ አንገባም፤ ከሥጋው የሚመጣውን በሽታ ግን ማወቅ ይጠቅማል።

ሥጋው ውስጥ ትሪኪኔላ የሚባል ትል ሊኖር ይችላል፤ በማድረቅ ወይም በጭስ አይሞትም፤ መሐሉ እስከ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብሰል አለበት። ደሙና የውስጥ አካሉ ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ስለሚያስተላልፍ የሚያርዱት ሰዎች ጓንት ያደርጋሉ። ይህ በሽታ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሌላው ዓይነቱ በፍየል፣ በላምና በግመል አለ፤ ያልፈላ ወተት በመጠጣት ወይም የተጨነገፈ ግልገል በባዶ እጅ በመያዝ ይተላለፋል። የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ስላለው ብዙ ጊዜ ከወባ ጋር ይምታታል። ደማችን ተመርምሮ ወባ የለም ተብሎ ትኩሳቱ ከቀጠለ ጥሬ ወተት ጠጥተን እንደሆነ ለክሊኒኩ ሠራተኛ እንንገረው። ሕክምናው ቢያንስ 6 ሳምንት ስለሚወስድ ተሻለኝ ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም።

መልመጃ

1. አንድ ገበሬ ማሳ ላይ 18 አሳማዎች ያሉት መንጋ ይመጣል፤ ከእነዚህ 6ቱ እናቶች ናቸው። ገበሬው በሦስተኛው ሌሊት በሩን ሲዘጋ 7 ያዘ፤ ከተያዙት 2ቱ እናቶች ነበሩ። የቀሩት እናቶች እያንዳንዳቸው ከአራት ወር በኋላ 5 ቢወልዱና አንድም ባይሞት መንጋው ስንት ይሆናል? ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር አነጻጽሩ።

2. የወጥመዱ አጥር ክብ የሆነው ለምንድን ነው?

3. በመንደራችሁ ከርከሮ ወይም ጦጣ ከማሳ እንዴት ይከላከሉ እንደነበር ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ።