የዲስክ ወረፋ እንዴት ይያዛል?

ስለ ኮምፒዩተር ስንማማር ብዙዎቻችሁ የምታነሷቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ኮምፒዩተሩ ብዙ ሥራ ሲበዛበት ለምን ይንቀራፈፋል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ጄኔሬተሩ ድንገት ሲጠፋ “አስቀምጥ” ብለን ያዘዝነው ጽሑፍ ለምን አንዳንዴ ሳይገኝ ይቀራል የሚል ነው። የሁለቱም መልስ በአመዛኙ ያለው የዲስክ ወረፋ ውስጥ ነው።

ሀርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሰሃን ነው። መረጃው ትራክ በሚባሉ ክብ መስመሮች ላይ ይሰፍራል፤ በቀጭን ክንድ ጫፍ ላይ ያለው ማንበቢያ ራስ ከትራክ ወደ ትራክ እየሄደ ያነባል፣ ይጽፋል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል (ሚሊሰከንድ ማለት የሰከንድ አንድ ሺሕኛ ነው)። ራሱ ከትራክ ወደ ትራክ ለመሻገርም ጊዜ ይወስዳል። ይህ ለእኛ ዓይን እንደ መጨፈን ያህል እንኳ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ግን በዚያው ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሥራዎችን ይሠራልና ዲስኩን መጠበቅ ይሰለቸዋል። ስለዚህ የማንበብና የመጻፍ ጥያቄዎች ይጠራቀማሉ፤ ወረፋ ይሆናል። ይህን ወረፋ የሚይዘው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከዲስኩ ድራይቨር ጋር ሆኖ ነው። ድራይቨር ማለት ሾፌር ማለት ነውና ምሳሌያችንን ከመንገድ እንውሰድ።

አንድ ሎሪ ከገዳሪፍ ተነሥቶ በዶካ በኩል እስከ ገላባት ዕቃ ያደርሳል እንበል። መጀመሪያ ያዘዘው የገላባት ነጋዴ ነው፤ ቀጥሎ የገዳሪፍ ገበያ፤ በመጨረሻ ዶካ። ሾፌሩ “በታዘዝኩበት ተራ ካልሆነ አላወርድም” ካለ በዶካ ሳይቆም ገላባት ይደርሳል፣ ወደ ገዳሪፍ ይመለሳል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ዶካ ይወጣል። ተራ የጠበቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ናፍጣው ይባክናል፣ ሁሉም ይዘገያሉ። ልብ ያለው ሾፌር ሲያልፍ የዶካውን አውርዶ ይሄዳል።

ዲስክም እንዲሁ ነው። ራሱ ትራክ 50 ላይ ቆሟል፤ ጥያቄዎቹ በ90፣ በ10፣ በ60፣ በ15፣ በ95 ተራ መጥተዋል። በመጡበት ተራ ከተስተናገዱ ራሱ 40 እና 80 እና 50 እና 45 እና 80፣ በድምሩ 295 ትራክ ይጓዛል። መጀመሪያ ወደ ላይ ሄዶ 60ን፣ 90ን፣ 95ን ጨርሶ፣ ሲመለስ 15ንና 10ን ቢወስድ ግን 45 እና 85፣ በድምሩ 130 ብቻ። ይህ የሊፍት ስልት ይባላል። የፎቅ ሊፍት ሲወጣ በመንገዱ ያለውን ሁሉ እየጫነ፣ ሲወርድም እንዲሁ ስለሚያደርግ ነው።

ሊፍቱን ትቶ ሁልጊዜ ቅርብ ያለውን መጀመሪያ መውሰድስ? በእኛ አስተያየት የትምህርቱ ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ውሃ ቦኖው አጠገብ የሚኖሩት ጀሪካናቸውን እየሞሉ እየተመላለሱ ሲቀዱ፣ ከሰፈሩ ዳር የመጡት እናት ቆመው ይውላሉ። ቦኖው አላረፈም፤ ብዙ ውሃም ቀድቷል፤ እናትየው ግን ባዶ ጀሪካን ይዘው ይመለሳሉ። በዲስክም ትራክ 60 አካባቢ ጥያቄ ሳያቋርጥ ከመጣ ትራክ 10 ላይ ያለው ማለቂያ የሌለው ጥበቃ ይጠብቃል። ብዙ መሥራትና ሁሉን ማዳረስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ለዚህ መፍትሔ ከተሰጡት አንዱ ዴንማርካዊው የንስ አክስቦ ለሊኑክስ የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሊኑክስ 2.6 ውስጥ የተካተተው “ዴድላይን” ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የጊዜ ገደብ ይሰጣል፦ በተለመደው አቀማመጥ ለማንበብ ግማሽ ሰከንድ፣ ለመጻፍ 5 ሰከንድ። ገደቡ ሳያልፍ ሥራው በቦታ ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ ገደቡ ያለፈበት ሲገኝ ግን ራሱ ወደዚያ ይላካል፣ ሩቅም ቢሆን። ማንበብ የሚቀድመው ፕሮግራሙ መረጃው እስኪደርሰው ቆሞ ስለሚጠብቅ ነው፤ የሚጻፈው ግን ሜሞሪ ውስጥ ትንሽ ሊቆይ ይችላል። ሆኖም ማንበብ ሁልጊዜ እየቀደመ መጻፍ እንዳይረሳም ልክ ተበጅቶለታል።

በስልካችንና በአዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ማስቀመጫ የሚሽከረከር ሰሃን የለውም፤ ስለዚህ ሊፍቱ ብዙም አያስፈልግም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2011 ደንቡ በወጣው ኤንቪኤምኢ በተባለው አሠራር እስከ 65,535 ወረፋ መክፈት ይቻላል።

አሁን ወደ ጄኔሬተሩ እንመለስ። “አስቀምጥ” ስንል ጽሑፉ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገባው ሜሞሪ ውስጥ ነው፤ በሊኑክስ 30 ሰከንድ ያህል እዚያው ሊቆይ ይችላል። መብራት ከጠፋ ወረፋ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። የባሰው ደግሞ ተራው መለዋወጡ ነው። በራሽን ቀን መዝገቡ ላይ “ወስዷል” ተብሎ ምልክት ከተደረገ በኋላ እህሉ ሳይሰፈር መጋዘኑ ቢዘጋ ያ ቤተሰብ ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። ዲስክም ላይ “ፋይሉ እዚህ አለ” የሚለው ማውጫ ቀድሞ ተጽፎ ፋይሉ ራሱ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። ይህን ለመከላከል ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ተራቸው መለዋወጥ የሌለባቸው ጽሑፎች ላይ ሲደርስ፣ “እስካሁን የተሰጠህን ሁሉ አስፍር” የሚል ትእዛዝ ለዲስኩ ልኮ እስኪፈጸም ይጠብቃል። ይህ ማውጫውን ከመበላሸት ያድናል እንጂ አሁን የተየባችሁትን ገጽ ለማዳን ዋስትና አይደለም። ስለዚህ ጄኔሬተር የሚጠፋበት ሰዓት ሲቃረብ ቀደም ብላችሁ አስቀምጡ፣ ኮምፒዩተሩንም በሥርዓት ዝጉ። ፍላሽም “አስወጣ” የሚለውን ሳታዝዙ አትንቀሉ፤ ያ ትእዛዝ ወረፋውን የሚያስጨርስ ነው።

መልመጃ፦ ራሱ ትራክ 30 ላይ ሆኖ ወደ ላይ እየሄደ ነው። ጥያቄዎቹ በ70፣ በ20፣ በ35፣ በ80፣ በ5 ተራ መጥተዋል። በመጡበት ተራ ስንት ትራክ ይጓዛል? በሊፍት ስልትስ?

መልስ፦ 225 እና 125።