በአራዳ በግል የሚመራ የእግር ጉብኝት፤ የሚታይ፣ የተጻፈና የሚነገር ማስረጃ በአዲስ አበባ ነባር ሠፈር

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በአዲስ አበባ ነባር የከተማ ክፍል በአራዳ (ፒያሳ) አንድ አስጎብኚ ጥቂት ጎብኚዎችን ይዞ በእግር የሚያደርገውን ጉብኝት እንደ አንድ የታሪክ ማስተላለፊያ ስልት ይመረምራል። የአስጎብኚው ገለጻ በሚታይ፣ በተጻፈና በሚነገር ማስረጃ ላይ የቆመ መሆኑን ከአራዳ በተወሰዱ ምሳሌዎች ያሳያል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከሚታየው ማስረጃ ከፊሉ ከቦታው በመነሣቱ፣ ሸክሙ ወደሚነገረው ቃል አዘንብሏል። ስለዚህ የአስጎብኚዎች ገለጻ እንደ ቃል ምንጭ ሊመዘገብና ሊመረመር ይገባል የሚለው የጽሑፉ ድምዳሜ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የእግር ጉብኝት፣ አስጎብኚ፣ አራዳ፣ የቃል ምንጭ፣ የከተማ ቅርስ፣ ሀና ማርያም

1. መግቢያ

አዲስ አበባ ከተቆረቆረችበት ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ዕድሜዋ ገና አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት አልሞላም። ከሐረርና ከጎንደር ጋር ስትነጻጸር ልጅ እግር ከተማ ናት። ይሁን እንጂ የከተማዋ ነዋሪ ነባር የሚለው ሠፈር አለው፤ ይኸውም አራዳ ነው። የአራዳ እምብርት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ይቆም የነበረው ታላቁ ገበያ ነበር። የጣሊያን ፋሺስት አስተዳደር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን በያዘበት ዘመን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወረ፤ በቀድሞው ቦታ ላይም ፒያሳ የሚለው ስም ጸንቶ ቀረ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለርእሰ ጉዳዩ መሠረታዊ ነው። በአራዳ ጉብኝት የሚጀምር አስጎብኚ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያወሳው ዛሬ በቦታው የሌለን ነገር፣ ማለትም ገበያውን ነው። እንግዲህ የእግር ጉብኝት የቆሙ ሕንፃዎችን በተራ መቁጠር ብቻ አይደለም፤ ካለው ተነሥቶ የሌለውንም የማሳየት ተግባር ነው።

በግል የሚመራ ጉብኝት ሲባል አንድ አስጎብኚ አንድን ሰው፣ አንድን ቤተሰብ ወይም ጥቂት ወዳጆችን ይዞ የሚያደርገው ጉዞ ማለት ነው። በብዙ ሰው ጉብኝት አስጎብኚው የተዘጋጀ ንግግሩን በተወሰነ ሰዓት ይጨርሳል፤ ጠያቂውም ጥቂት ነው። በግል ጉብኝት ግን ጎብኚው ያቋርጣል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ “ይህ በምን ታወቀ?” ብሎ ይጠይቃል። ጽሑፉ የሚያነሣቸው ሁለት ጥያቄዎች ከዚሁ የመነጩ ናቸው። አስጎብኚው ሲናገር በምን ላይ ቆሞ ነው? የቆመበት ነገር ሲነሣስ ገለጻው ምን ይሆናል?

2. የአስጎብኚው ሚና በጽንሰ ሐሳብ

ኤሪክ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት የአስጎብኚነት ሚና ከሁለት ጥንታዊ ምንጮች የተቀዳ መሆኑን አመልክቷል። አንደኛው መንገድ መሪነት ነው፤ እንግዳውን ከማያውቀው ስፍራ በደኅና ማድረስ። ሁለተኛው መምህርነት ነው፤ እንግዳው የሚያየውን እንዲረዳ ማድረግ። ፍሪማን ቲልደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 በታተመው ሥራው የቅርስ ገለጻ መረጃን ከመደርደር የሚለይ መሆኑን አስረድቷል፤ ገላጩ በዓይን ከሚታየው ዋና ዕቃ ተነሥቶ ከጀርባው ያለውን ትርጉም ይገልጣል። ሁለቱም አስተሳሰቦች ለአራዳ ይጠቅማሉ። ነገር ግን የቲልደን አስተሳሰብ የሚገለጠው ነገር በቦታው መኖሩን ቅድመ ሁኔታ ያደርጋል።

የአገራችን የትርጓሜ ትምህርት በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ ያመለክታል። በአንድምታ መምህሩ አንዱን ፍቺ ሰጥቶ “አንድም” እያለ ሌላውን ያስከትላል፤ ኋለኛው ፊተኛውን አይሽረውም። አስጎብኚም ስለ አንድ ቦታ የሚነገሩ ልዩ ልዩ ቃላትን ጎን ለጎን ሊያቀርብ ይችላል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በታሪክ አንዳንዱ ቃል ከሌላው የበለጠ ማስረጃ አለው። ስለሆነም “አንድም” ከማለት ጋር “ይህኛው በዚህ ማስረጃ፣ ያኛው በዚያ” ማለት ይገባል።

3. ሦስቱ ማስረጃዎች በጉዞው መስመር

ከምኒልክ አደባባይ የሚጀምር ጉዞ በመጀመሪያ የሚያገኘው የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ነው። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ተመረቀ፤ በወረራው ዘመን ከቦታው ተነሣ፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ተተከለ። ጎብኚው የሚያየው ፈረሰኛውን ነው፤ የመነሣቱንና የመመለሱን ታሪክ ግን ድንጋዩ ብቻውን አይናገርም። የሚታየው በተጻፈው ካልታገዘ ከፊል ነው።

ባለ ስምንት ማዕዘኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሦስቱ ማስረጃዎች በአንድነት የሚገኙበት ነው። የሚታየው የድንጋይ ግንቡና በውስጡ ያሉት የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ናቸው። የተጻፈው ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዚህ ዘውድ መጫናቸው፣ ቤተ ክርስቲያኑም በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች መቃጠሉና ከነጻነት በኋላ መታደሱ ነው። የሚነገረው ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት በዓድዋ ዘመቻ ከሠራዊቱ ጋር ስለመውጣቱና በውጊያው ስለታየው ተራዳኢነት ነው። ጠንቃቃ አስጎብኚ ሦስቱን በአንድ ድምፅ አያቀርባቸውም። የታቦቱን መውጣት ሲተርክ የታሪክ ነገር፣ ተራዳኢነቱን ሲተርክ የእምነት ነገር መናገሩን ለጎብኚው ያስታውቃል፤ ይህም የእምነቱን ክብር ሳይነካ የታሪኩን ሚዛን ይጠብቃል።

ከዚያ ወደ ምዕራብ የአቡነ ጴጥሮስ አደባባይ ይገኛል። አቡኑ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተረሽነዋል። መታሰቢያ ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር ግንባታ ሲባል ከቦታው ተነሥቶ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ተመልሷል። ይህ ምሳሌ ልማትና ቅርስ የግድ የሚጠፋፉ አለመሆናቸውን ያሳያል፤ ማንሣት ከመመለስ ቃል ጋር ሲታሰር ቅርሱ በቦታው ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ሐውልትን ማንሣትና መመለስ ይቻላል፤ ሠፈርን ግን እንዲሁ አንሥቶ መመለስ አይቻልም።

በደጎል አደባባይ በኩል የሚዘልቅ ጉዞ ወደ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ያደርሳል። የመዲናይቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ስለመሆኑ ሁሉም ይስማማል፤ ዓመተ ምሕረቱ ሲጠየቅ ግን አንዱ 1898፣ ሌላው 1900 ይላል። ግራ መጋባቱ የሚመነጨው ከሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው የተሠራበትና ሥራ የጀመረበት ጊዜ አለመለየቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈው ወደ አገራችን አቆጣጠር ሲመለስ የሚፈጠረው መዛነፍ ነው። በብዙ ሰው ጉብኝት ይህ ልዩነት ሳይነሣ ያልፋል። በግል ጉብኝት ግን ጎብኚው ከሌላ ቦታ ያነበበውን ይዞ ይጠይቃል፤ አስጎብኚውም “የተሠራበትን ነው ወይስ የተከፈተበትን?” ብሎ ጥያቄውን ለማጥራት ይገደዳል። ሆቴሉ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቶ በኋላ ታድሷል፤ ስለዚህ ጎብኚው ከሚያየው የትኛው የቀድሞው፣ የትኛው የታደሰው እንደሆነ መለየትም የገለጻው ድርሻ ነው።

4. ቤቱ ሲነሣ

የአራዳ ውበት በታላላቆቹ ሕንፃዎች ብቻ የሚለካ አልነበረም። በመካከላቸው የነበሩት የእንጨት በረንዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ቤቶች፣ የሕንድና የአርመን ግንበኞች እጅ የታየባቸው ፎቆች፣ ጠባብ መተላለፊያዎች፣ ወርቅ ቤቶችና ቡና ቤቶች የጉዞው ሥጋ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ሠፈሮች ተነሥተዋል። በዚያው ዓመት የካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመርቆ ለጉብኝት አዲስ መነሻ ሆኗል።

ለውጡ በአንድ ወገን ብቻ ሊመዘን አይገባም። ከተነሡት ቤቶች ብዙዎቹ ያረጁ፣ በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ የተጨናነቀባቸውና የፍሳሽ መስመር የሚያንሳቸው ነበሩ። አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ለሽማግሌና ለአካል ጉዳተኛ ምቹ ነው። ሆኖም ለዚህ ጥናት ጉዳይ የሚሆነው ተቃርኖ ይህ ነው፦ በእግር መሄድ ቀለለ፤ በእግር ሄዶ የሚታየው ግን አነሰ።

ከሕንፃው ይልቅ ትኩረት ያልተሰጠው ጉዳት የአራሚው መጥፋት ነው። በነባሩ አራዳ አስጎብኚ ብቻውን አይናገርም ነበር። በደጃፉ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ ጀበናዋን የጣደች እናት፣ ሱቁን የሚከፍት ነጋዴ ገለጻውን ይሰማሉ፤ አንዳንዴም “የለም ልጄ፣ እዚያ የነበሩት እገሌ ናቸው” ብለው ያርሙታል። ጎብኚው ብቻውን ወይም ከአንድ ሁለት ሰው ጋር ስለሚሆን እንዲህ ያለው ጣልቃ ገብነት ጉዞውን አያውክም፤ እንዲያውም ያዳብረዋል። ነዋሪው በልዩ ልዩ የከተማዋ ዳርቻዎች ሲበተን ግን ገለጻውን የሚያርም የሠፈር ሰው በቦታው የለም። ስሕተት የሆነው ቃል ያለ ተቃዋሚ ይደገማል፤ በመደጋገሙም እንደ እውነት ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ከሐረር ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሐረር ጀጎል በግንብ የታጠረ 48 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ከተማ ሲሆን፣ በውስጡ 82 መስጊዶች መኖራቸው ተመዝግቧል። የጀጎል ልዩ ሀብት ግንቡ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ሰው መኖሩ ነው። አስጎብኚው የጌይ ጋርን፣ ማለትም የሐረሪን ቤት መደቦችና የግድግዳ ጌጥ ሲገልጽ የቤቱ እመቤት አጠገቡ ቆማ ትሰማለች። አራዳ እንዲህ ያለ ምስክር በፍጥነት እያጣ ነው።

5. ስም እንደ ማስረጃ፤ ከአራዳ ወደ ሀና ማርያም

ሕንፃ ሲነሣ ቀድሞ የማይነሣው ስም ነው። ሠራተኛ ሠፈር ለቤተ መንግሥት ይሠሩ የነበሩትን ባለሙያዎች፣ ፒያሳም የወረራውን ዘመን ያስታውሳል። ስም ግን የሚያስታውሰው የሚተረጉመው እስካለ ድረስ ነው።

በደቡብ አዲስ አበባ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሀና ማርያም ይህን ለማየት ተስማሚ ነው። አካባቢው ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ሲሆን፣ ከእርሻ መሬትነት ወደ ከተማነት የተለወጠው ከአራዳ እጅግ ዘግይቶ ነው። የክፍለ ከተማው ስም ግማሽ የሆነው “ንፋስ ስልክ” ያለ ሽቦ የሚሠራውን የሬዲዮ መገናኛ ያወሳል። በየቀኑ ስሙን በታክሲ ረዳት አንደበት የሚሰማ ወጣት ግን ይህን የግድ አያውቅም። ሀና ማርያም ለእንግዳ የሚያሳየው መቶ ዓመት የሞላው ፎቅ ባይኖረውም፣ መሬቱን ሲያርሱ የኖሩና ከመሃል ከተማ ወይም ከክፍለ ሀገር መጥተው ቤት የሠሩ ሰዎች በአንድ ሠፈር ይገኛሉ። በዚህ ስፍራ የእግር ጉብኝት ቢታሰብ መነሻው ሕንፃ ሳይሆን ሰውና ስም ይሆናል። ከአራዳ የሚቀሰመው ትምህርት እንግዲህ ሠፈሩ አርጅቶ ለመፍረስ እስኪቃረብ አለመጠበቅ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን መያዝ ይቻላል።

6. ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳብ

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዙፍነት ያለውንም የሌለውንም ቅርስ ያቅፋል። የአስጎብኚ ገለጻ የሁለቱ መገናኛ ነው፤ ግዙፉ ሲነሣ ሁለተኛው ብቻውን ይቀራል። ከዚህ በመነሣት ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ።

በመጀመሪያ፣ የአስጎብኚዎች ሥልጠና “ይታያል”፣ “ተጽፏል” እና “ይባላል” የሚሉትን ሦስት ቃላት ለይቶ መጠቀምን ሊያስተምር ይገባል። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ልማድ ነው፤ የጎብኚውንም እምነት ያጸናል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከአስጎብኚዎች ጋር በመስመሩ ተጉዘው ገለጻውን በፈቃዳቸው በድምፅ ሊቀዱ፣ ቀኑንና ቦታውን ሊመዘግቡ፣ ቅጂውንም በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሊያኖሩ ይገባል። አንድ አስጎብኚ ስለ አንድ ቦታ በተለያየ ጊዜ የሚናገረው ሲነጻጸር ቃሉ እንዴት እንደሚለወጥ ያሳያል። ከመፍረስ በፊት የተነሡ ፎቶግራፎችና ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ2007 በከተማዋ የሕንፃ ቅርስ ላይ ያሳተሙትን የመሰሉ ሥራዎች ለማመሳከሪያ ያገለግላሉ።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ከአራዳ የተነሡ ነዋሪዎች በአሁኑ መኖሪያቸው ሊፈለጉና ምስክርነታቸው ሊመዘገብ ይገባል። ቢቻል ወደ ቀድሞ ሠፈራቸው ተመልሰው ከአስጎብኚው ጋር እንዲጓዙ ቢደረግ፣ ገለጻው ያጣውን አራሚ መልሶ ያገኛል።

ሐውልትን አንሥቶ መመለስ እንደሚቻል የአቡነ ጴጥሮስ አደባባይ አሳይቷል። የተነሣ ቤት በእንዲህ ያለ መንገድ አይመለስም፤ በዚያ ቤት ማን እንደነበረና ምን እንደተሠራበት የሚያውቀው ሰው ግን ዛሬ ሊጠየቅ ይችላል። የጥናቱ አጣዳፊነትም ከዚህ ይመነጫል።