መዝገብ የሌለው ዘማች፦ ከዋግ ወደ ማይጨው

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ከወደቁት የዋግ ወጣቶች የብዙዎቹ ዐፅም የማን እንደሆነ ሳይለይ ቀርቷል። የጦርነቱ ብርታት ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ የክተት ዘማች በስም አይመዘገብም፤ የሚያውቁት አለቃውና የአገሩ ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱ ሲወድቁ ምስክሩ አብሮ ጠፋ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ግን የስም መዝገብ ነበረው፤ ከ120 የሚበልጡ ሙታኑም በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፈዋል።

ሆኖም ስም መታወቁ ብቻ አይበቃም፤ የዋጉ አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1930 ዓ.ም. መስከረም ሲገደሉ ራሳቸው ተቆርጦ ለሕዝብ ታይቷል።

ስለዚህ የጋዝጊብላ ተመራማሪ ከመቃብር ይልቅ ከለቅሶ ይጀምር፤ አስከሬን በሌለበት የሟቹ ልብስና መሣሪያ ተቀምጦ ሲለቀስ ስሙ በሙሾ ይነሣል። ሙሾውን የሚያውቁት አረጋውያን ግን እያለፉ ነው።